ከቀለሙ ሥር ያለውን የሚያውቅ ሰው

 

የዛሬው ጉዳይ ከጋራዥ የመጣ ነው። እዚሁ ባህር ዳር በባትላሜራ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ የተጋጨ መኪና ይመጣልኛል። አቃናለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ስቱኮ እሞላለሁ፣ ከዚያ ቀለም ይረጫል። ባለቤቱ የሚያሠራው ሊሸጠው ነው። ለገዢው እንደማይነግረውም አውቃለሁ። እኔ የላቤን ነው የምወስደው። ገንዘቤ ሐላል ነው ወይስ አይደለም?»

በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ወደ እናንተ አመጣሁት። በጋራዥ የሚሠራ፣ መኪና የሚሸጥ፣ የሚደልል፣ የሚገዛ፣ የሚነዳ፣ ወይም እንደ ብዙዎቻችን በእግሩና በብስክሌቱ የሚሄድ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ድርሻ አለው።

ስለ ማታለል ሁላችንም የምናውቀው ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተቱ፤ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። ይህን ሐዲስ ለሻጩ ማንበብ ቀላል ነው። የጠየቀኝ ወንድም ግን ሻጭ አይደለም። እህሉ የሱ አይደለም፤ ዝናቡንም እሱ አላመጣውም። ደረቁን እህል ከላይ እንዲያለብስ በቀን ሥራ የተቀጠረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። መጠገን መልካም ሥራ ነው። የተጫረ ፓራፋንጎ መቀባት፣ የጎበጠ በር ማቃናት የማንንም ነፍስ አይነካም። ስለሱ መናገሩ ቢሻልም የዛሬው ወሬያችን እሱ አይደለም። ወሬያችን ቀለሙ ነፍስ የሚሸከም ነገርን ሲሸፍን ነው፦ ሻንሲን፣ መሪን፣ ፍሬንን፣ ቀበቶን፣ ኤርባግን።

ብዙ ሰው ጠንካራ መኪና ማለት በግጭት የማይጨማደድ መኪና ይመስለዋል። «የድሮ መኪና ብረቱ ብረት ነበር» ይላሉ አባቶቻችን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመርሴዲሱ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው የሚቀመጥበት መሐሉ ይጠንክር፣ ፊቱና ኋላው ግን በግጭት ጊዜ ተጨማዶ ኃይሉን ይዋጥ የሚል ነው። ብረቱ የሚታጠፈው በእኛ አጥንት ፋንታ ነው ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ የተሠራ መኪና በ1959 ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት የቮልቮው ኒልስ ቦሊን ዛሬ የምናስረውን፣ በደረትና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ ሠራ፤ ቮልቮም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። ሰው የሚያድን ዕውቀትን ደብቆ መያዝ ለትርፍ የቆመ ኩባንያም አልወደደውም።

አሁን አንድ ቀጭን ሽቦ ውሰዱና እጠፉት፤ መልሳችሁም አቃኑት። ቀጥ ያለ ይመስላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ብትሞክሩት ግን በዚያው ቦታ ይበጠሳል። ከመኪናው ፊት ያሉት ሁለቱ ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች አንዴ ተጨማደው በእሳት ግለው፣ በመዶሻ ሲቃኑ የሚደርስባቸው እንደዚሁ ነው። በሚቀጥለው ግጭት እንደ መጀመሪያው አይታጠፉም። ወይ በቶሎ ይሸሻሉ፣ ወይ የተበየዱበት ይለያል፤ ኃይሉም ወደ ሰውየው ጉልበትና ደረት ይሄዳል። ኤርባግ ደግሞ አንዴ ከፈነዳ አይመለስም፤ አዲስ መግጠም ያስፈልጋል፣ አዲሱም ውድ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ተደፍኖ ቆዳ ይለብሳል፤ ኤርባግ የለም ብሎ እንዳያሳጣ የመብራቱ ሽቦ ከሌላ መብራት ጋር ይታሰራል። ቁልፉን ስታዞሩ ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል፤ ጤነኛ ይመስላል። ይህን ሥራ የሠራ እጅ ብልህ እጅ ነው። ያሳዝናልም።

እስቲ ወደ ጣና ዳርቻ እንሂድ። የወይጦ ወገኖቻችን ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ አይታችኋል። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ታንኳው ዝቅ ይላል፣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ያረጀ ታንኳ ማርጀቱን ገዢውም ሻጩም እኩል ያዩታል። ታንኳ ዐይቡን ራሱ ይናገራል። መኪና ግን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማነው? ባለቤቱ ሲጋጭ ደንግጦ ነበር፣ ምን እንደተሰበረም በቅጡ አያውቅም። ደላላው ያየው ከታጠበ በኋላ ነው። ገዢው ቀለሙን ያያል። ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ውስጡን በዓይኑ ያየ ባትላሜራው ብቻ ነው።

የኔ መልስ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ወንድሜ ሆይ፣ አንተ የጉልበት ሠራተኛ ብቻ አይደለህም፤ የዚያ መኪና ምስክር ነህ። በሱረቱል በቀራ፣ ስለ ዕዳ ከሚናገረው ረጅም አንቀጽ ቀጥሎ፣ አላህ ምስክርነትን መደበቅ ይከለክላል፤ የሚደብቀው ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑንም ይናገራል። ልብ ተብሎ መጠራቱን አስተውሉ። የሚደብቅ ሰው ምላሱ ምንም አላለምና በምላሱ አይያዝም።

የዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ለዚህ ቅርብ ነው። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሢላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ሮጠው ደረሱበትና፣ ሻጩ የግመሉን ሁኔታ ገልጾልህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ምን አለባት፣ የሰባች ናት፣ ጤነኛ ትመስላለች አለ። ቀጥለውም ለሥጋ ነው ለመንገድ የፈለግሃት አሉት። ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳለ አስረዱት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ ዐይቡን ሳይገልጹ መሸጥ ለሻጭ እንደማይፈቀድ፣ የሚያውቅም ሰው ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ተናገሩ። በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረዋል፤ ትርጉሙ ግን ከእህሉ ሐዲስና ከሌሎችም ጋር ይገጥማል። እኔን የሚገርመኝ ለሥጋ ነው ለመንገድ ብለው መጠየቃቸው ነው። ይህ የባለሙያ ጥያቄ ነው። የኮቴ ቀዳዳ ለሚታረድ ግመል ምንም አይደለም፤ መካ ድረስ ለሚሄድ ግን ሞት ነው።

እኛም አገር ይህ ጥያቄ አለ። ባህር ዳር ሜዳ ናት። ፍሬኑ የደከመ መኪና በዘንባባዎቹ መሐል ቀስ እያለ ዓመት ሙሉ ቢዞር ላይታወቅበት ይችላል። ከተማዋ ዐይቡን ትሸሽግለታለች። መንገዱ ሰላም ሲሆንና አንድ ቀን ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ግን ከደጀን በታች የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መንገዱ በመታጠፊያ የተሞላ ነው። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ሸራው ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይተዋል። የፍሬን ዘይትም በዕድሜው እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ፤ ቁልቁለቱንም ብትወጡት በምትይዙት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዘው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው በጥቂት ብር የሰዎችን ነፍስ እያስያዘ ነው።

ታዲያ ባትላሜራው ደንበኛውን ሲቀበል የዋሢላን ጥያቄ ይጠይቅ፦ መኪናው የሚሄደው የት ነው? ማንን ሊጭን ነው?

«ገዢው እኮ እንዳለ ገዝቼዋለሁ ብሎ ፈርሟል» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። ዑለማዎችም ተወያይተውበታል። በሐነፊዮች ዘንድ ሻጭ ከዐይብ ሁሉ ነፃ ነኝ ብሎ ገዢው ከተስማማ ውሉ ይጸናል። በሻፊዒዮች ዘንድ የታወቀው አቋም ጠበብ ያለ ነው፤ በእንስሳ ላይ ያለና ሻጩ ያላወቀው ስውር ዐይብ ካልሆነ ነፃ አያወጣውም። በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ ያለው የኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ጉዳይ ደግሞ ነገሩን ወደ ሥሩ ይወስደዋል። ባሪያ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን አንድ አገልጋይ በ800 ድርሃም ሸጡ፤ ከዐይብ ነፃ ነኝ የሚል ውልም ነበራቸው። ገዢው በሽታ ነበረበት ብሎ ከሰሰ። ዑስማን (ረ.ዐ) የፈረዱት ኢብኑ ዑመር በሽታውን ሳያውቁ መሸጣቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ነው። ኢብኑ ዑመር መማል አልፈለጉም፤ አገልጋዩን መልሰው ተቀበሉ። እርሱም እሳቸው ዘንድ ዳነና በ1,500 ድርሃም ተሸጠ። የዑስማን ጥያቄ ወረቀቱ ምን ይላል የሚል አልነበረም፤ ታውቅ ነበር ወይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀውን የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ሳነብ ይህንኑ አግኝቼ ተደንቄያለሁ። ሻጭና ገዢ የዋስትናን ግዴታ በውል ማስቀረት ይችላሉ፤ ሻጩ ዐይቡን ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ ግን ያ ውል ዋጋ የለውም። መዲናና ፓሪስ አንድ ቦታ ተገናኙ።

እኔ ግን ከሁለቱም አንድ እርምጃ ማለፍ ያለብን ይመስለኛል። ይህ ሁሉ ውይይት ሁለት ሰዎችን ብቻ ያያል፦ ሻጭንና ገዢን። ገዢው ሁሉንም ሰምቶ፣ ዋጋ አስቀንሶ፣ ወድጄ ገዛሁ ቢልስ? ስለ ራሱ ገንዘብ ፈቅዷል። ባህር ዳር ግን የብስክሌት ከተማ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ አትክልት ጭና የምታቋርጠው እናት፣ የባጃጁ ተሳፋሪ፣ ከነዚህ አንዳቸውም ውሉ ላይ አልፈረሙም። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ23 ሰከንድ ገደማ ያልፈዋል። በመሐል ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ቢያይ 33 ሜትር ያህል ዓይኑን ጨፍኖ ተጓዘ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኛው ይህን ሒሳብ አይሠራም፤ ከኋላው የሚመጣው መኪና ፍሬን እንዳለው አምኖ ይሄዳል። አማና የሚባለው ይህ ነው። ሳያውቀን የሰጠን አማና። በገዢና ሻጭ ስምምነት የማይሰረዝ ሐቅም ይሄው ነው። ስለዚህ ፍሬንና መሪን በተመለከተ መናገር ብቻ አይበቃም፤ እስኪጠገን ድረስ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

አደጋ ሲደርስ የሚባለውን ታውቃላችሁ፦ አጀሉ ደርሶ ነው፣ የአላህ ቀደር ነው። እውነት ነው፣ አጀል ከአላህ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል ሟቹን የሚቀብሩት ለመጽናናት ሲሉትና የገደለው ሰው ለማምለጥ ሲለው አንድ አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ ላይ ሰምተው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። የፍሬን ሸራ መቀየርም ቀደር ነው። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ ሆኖ ማሻ አላህ የሚል ስቲከር ከኋላ መስታወት ላይ መለጠፍ ተወኩል አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ ሰውን በስሕተት የገደለ ለቤተሰቡ የደም ካሣ፣ በራሱም ላይ ካፋራ አለበት፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። አስቡት፣ ይህ ምንም ሳያስብ ላጠፋ ሰው ነው። ሜካኒኩ ሸራው አልቋል ብሎ ከሳምንት በፊት የነገረው ሰው ስሕተት ነው ሲል በየትኛው አፉ ነው? ቦሎ ለጥፌአለሁ ማለትም አያድነውም። ምርመራው መኪናው በዚያ ቀን የነበረበትን ነው ያየው።

ወደ ባትላሜራው ወንድም ከባዱ ቃል እመለሳለሁ። «እኔ ባልሠራው ጎረቤቴ ይሠራዋል፤ መኪናው እንደሆነ አይለወጥም፤ የምለወጠው እኔ ነኝ፣ ኪራይ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ይህን ንግግር ቀላል አድርጌ አላየውም። ስለ መኪናው ያለው ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ሐሳብ በሁሉም ጋራዥ ስለሚታሰብ ነው ባለቤቱ አንድም ቦታ እምቢ የማይባለው። አንዴ እምቢ ቢባል ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዋጋ ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እውነቱን ተናግሮ ዋጋ መቀነሱ ሳይረክስለት አይቀርም። ደግሞ እምቢ የሚባለው ሥራ ጥቂት ነው። ሁለት ነገር ብቻ እምቢ በል አልኩት፦ ኤርባግ ሳይኖር መብራቱን ማሰር፣ እና የተቆረጠ ሻንሲ በይዶ ምልክቱን በቀለም ማጥፋት። ሌላውን ሥራ፤ ከመቀባትህ በፊት ግን በስልክህ ፎቶ አንሳና ለባለቤቱ ስጠው፣ አንተም ዘንድ ይቀመጥ። ገዢ መጥቶ ከጠየቀህ አሳየው። ሳይጠይቅህ ሲገዛ ካየኸውና ጉዳዩ የነፍስ ከሆነ ዋሢላ እንዳደረጉት ድረስበት።

ገንዘቡስ? ለማቃናትና ለመበየድ ያወጣው ጉልበት ዋጋ አለው፣ ሐላል ነው። እንዳይታወቅ ብሎ ለሚጨመርለት ገንዘብ ግን ሐላል ነው ልለው አልችልም፤ የምስክርነቱ ዋጋ ነውና። ሕዝቡ ጋራዥን ሁሉ ሌባ ማለት ይወዳል። እኔ አልስማማም። ድብቁን ሥራ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ክራባት ያሰረው ባለቤት ነው።

ለምትገዙ ወንድሞችና እህቶች፣ ዱዓ አድርጋችሁ ዓይናችሁንም ክፈቱ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩንና ፓራፋንጎውን ነካ ነካ አድርጉት፤ ስቱኮ በወፈረበት አይዝም። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል ነው? የበሩ ጎማ ላይ ቀለም ተረጭቷል? የብሎኖቹ ራስ ተፍቋል? ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባጉ መብራት ከሌሎቹ ጋር እኩል ሳይሆን በራሱ ጊዜ ይጠፋል? ቀበቶውን ድንገት ሳቡት፣ መያዝ አለበት። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ከሥር የተጣመመ ነገር ሊኖር ይችላል። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ወዲህ ከተከለከለ ያለው አሮጌው ነውና እየታደሰ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ይህን ሁሉ ማየት ነውር አይደለም። የምታምኑትን ሜካኒክም ይዛችሁ ሂዱ፣ የድካሙን ክፈሉት፤ ከሻጩ እንዲቀበል ግን አትተዉት።

ለምትሸጡ ደግሞ፦ በውሉ ላይ ከሞተር ቁጥሩና ከሻንሲ ቁጥሩ በታች ሁለት መስመር ጨምሩ። የት እንደተመታና መቼ፣ ምን እንደተቀየረና ምን እንዳልተቀየረ። ገዢው ያን አንብቦ ይፈርም፣ ፎቶውም ከሊብሬው ጋር አብሮ ይሂድ፤ እሱም በተራው ሲሸጥ ለሚቀጥለው ሰው እንዲሰጠው።